ጤነኛ የሚመስል አራስ ልጅም ይመረመራል፦ ከወሊድ እስከ አርባ ቀን ወላጆች ማወቅ ያለባቸው

ልጅ ከአላህ (ሱ.ወ) የተሰጠን አማና ነው። ይህን አማና መጠበቅ የሚጀምረው ልጁ ከተወለደባት ደቂቃ አንስቶ ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን ሕፃኑ አልቅሶ ጡት ከጎረሰ «አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ነው» ብሎ ወደ ቤት ለመሄድ ይቸኩላል። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ችኮላው ግን አይደለም። የጨቅላ ሕፃን ጤንነት የሚታወቀው በመልኩ ሳይሆን በምርመራ ነው። አንዳንድ የልብ ችግሮች፣ የደም ኢንፌክሽን እና ከባድ የቢጫነት ሕመም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምንም ምልክት ላያሳዩ ይችላሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሲገለጡ ልጁ ቤት ገብቷል፤ ጠያቂ ዘመድ ተሰብስቧል፤ ሐኪም ግን አጠገቡ የለም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ አሳይቷል። በ2019 የተካሄደው አነስተኛ ዳሰሳ ደግሞ ቁጥሩን 33 አድርሶታል። ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ያለጊዜ መወለድ፣ በምጥ ወቅት መታፈን እና ኢንፌክሽን። አብዛኛዎቹ በጊዜ ከተደረሰባቸው የሚታከሙ ናቸው።

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚኖር ቤተሰብ በዚህ ረገድ ከብዙ የአገራችን ቤተሰቦች የተሻለ ዕድል አለው። ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ባልቻ ሆስፒታል በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። ለጤናማ እርግዝናና ለመደበኛ ወሊድ ደግሞ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ችግር ሲያጋጥም ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋሉ። ሆኖም የሕክምና ተቋም ቅርብ መሆኑ ብቻውን ልጅ አያድንም። ወላጅ መቼ መሄድ እንዳለበት፣ ምን መጠየቅ እንዳለበት እና ምን መከልከል እንዳለበት ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያዋ ሰዓት

ልጁ እንደተወለደ መጀመሪያ የሚደረገው መላ ሰውነቱን በንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው። በላዩ ያለው እርጥበት ሲተን የሰውነቱን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ጨቅላ ደግሞ በቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እርጥቡ ጨርቅ ይነሳና ልጁ በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳው ቆዳዋን እየነካ ይተኛል። ከላይ ደረቅ ልብስ ይደረብለታል፤ ራሱም ኮፍያ ይደረግለታል። ልጁ እየተነፈሰ ከሆነ እትብቱን ለመቁረጥ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ መጠበቅ ይመከራል፤ በዚያ ጊዜ ከእንግዴ ልጁ የሚመጣው ደም በኋላ ከደም ማነስ ይጠብቀዋል።

በልጁ ጆሮ አዛን ማድረግ የሚፈልግ አባት ለዚህ ብሎ ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ማንሳት አያስፈልገውም። ልጁ ባለበት ጎንበስ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ ማድረግ ይችላል።

በዚችው ሰዓት ውስጥ ጡት መጥባት መጀመር አለበት። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ወተት፣ እንገር የምንለው፣ «የቆሸሸ ነው» እየተባለ የሚታለብና የሚደፋበት ቤት አለ። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። እንገር መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በሽታን የሚከላከሉ ነገሮች የተከማቹበት ስለሆነ እንደ መጀመሪያ ክትባት ይቆጠራል።

ማጠብን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። በቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት መሰል ነገር ቆሻሻ አይደለም፤ ቆዳውን ይጠብቃል፤ ቀስ በቀስም ይጠፋል።

አፕጋር፦ የመጀመሪያው ነጥብ

በወሊድ ካርዱ ላይ «አፕጋር» የሚል ቃልና ቁጥር ታገኛላችሁ። አሜሪካዊቷ ሐኪም ቨርጂኒያ አፕጋር እ.ኤ.አ በ1952 ያቀረቡት መለኪያ ነው። ልጁ በተወለደ በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ አምስት ነገሮች ይታያሉ፤ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽ እና የቆዳ ቀለም። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ10 ነው።

ከ7 በላይ ያገኘ ልጅ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው። ጤነኛ ልጅም ቢሆን በመጀመሪያው ደቂቃ 10 የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ እጅና እግሩ ለጊዜው ሰማያዊ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ። ይህ ቁጥር ልጁ ወደፊት ምን ያህል ብልህ እንደሚሆን አይናገርም። በዚያች ደቂቃ እርዳታ ያስፈልገው እንደሆነ ብቻ ነው የሚያመለክተው።

ከራስ እስከ እግር ጥፍር

ልጁ ከተረጋጋና ከጠባ በኋላ ባለሙያ ልብሱን አውልቆ ሙሉ ምርመራ ያደርግለታል። ወላጅ አጠገቡ ሆኖ ማየትና መጠየቅ መብቱ ነው። በጊዜው የተወለደ ጤናማ ልጅ በአብዛኛው እነዚህን ይመስላል፦

• ክብደት፦ ከ2.5 እስከ 4 ኪሎ ግራም
• አተነፋፈስ፦ በደቂቃ ከ30 እስከ 60
• የልብ ምት፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 160
• የሰውነት ሙቀት፦ በብብት ሲለካ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ

ባለሙያው እርግብግቢቱን ይዳስሳል፤ ማበጥም መሰርጎድም የለበትም። ዓይኑን በብርሃን ያያል፤ ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ ለዓይን ሐኪም ይላካል። ላንቃው የተሰነጠቀ መሆን አለመሆኑን በዓይንና በጣት ያረጋግጣል፤ ከንፈሩ ደህና ሆኖ ላንቃው የተከፈተ ልጅ አለና። ልቡንና ሳንባውን ያዳምጣል። የዳሌውን መገጣጠሚያ፣ የጀርባ አጥንቱን፣ የፊንጢጣውን ቀዳዳ እና ብልቱን ይመለከታል። ወንድ ከሆነ ሁለቱም የዘር ፍሬዎች መውረዳቸውና የሽንት ቀዳዳው በትክክለኛው ቦታ መሆኑ ይታያል።

ልጁ የመጀመሪያውን ጥቁርና የሚያጣብቅ ሰገራ በ24 ሰዓት ውስጥ መውጣት ይኖርበታል። በዚሁ ጊዜ ሽንትም ይሸናል። ካልሆነ ሳይዘገይ ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል።

ወላጅን የሚያስደነግጡ ግን ችግር ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። በምጥ ወቅት የሾጠጠ ራስ በቀናት ይስተካከላል። በጀርባና በመቀመጫ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ምልክት ምት አይደለም። ከእናት ሆርሞን የተነሳ የወንድም የሴትም ጡት ሊያብጥ፣ ከሴት ልጅ ብልት ትንሽ ደም ሊታይ ይችላል። ያበጠውን ጡት መጭመቅ ግን ለኢንፌክሽን ይዳርጋል።

ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት

እናትና ልጅ ደህና ቢሆኑም ቢያንስ ለ24 ሰዓት በጤና ተቋሙ እንዲቆዩ ይመከራል። ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህ መፈጸማቸውን ጠይቁ፦

• ቫይታሚን ኬ በጭኑ በመርፌ መሰጠቱን። ጨቅላ ሕፃን የደም መርጋት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኬ ጥቂት ብቻ ይዞ ስለሚወለድ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አልፎ አልፎም ከሳምንታት በኋላ ሊደማ ይችላል። አንድ መርፌ ይህን ይከላከላል።
• ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት መቀባቱን።
• የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ቢሲጂ እና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ መሰጠታቸውን፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ናቸው።
• የእናት የደም ዓይነት መታወቁን። እናት አርኤች ኔጌቲቭ ሆና ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ እናት በ72 ሰዓት ውስጥ የምትወስደው መርፌ አለ፤ የሚጠብቀው ቀጣዩን ልጅ ነው።
• የክትባት ካርድና የወሊድ ማሳወቂያ መያዛችሁን። ልደት በ90 ቀናት ውስጥ በወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት።

ለእትብቱ የሚቀባ ክሎርሄክሲዲን ከተሰጣችሁ ተጠንቀቁ። ቱቦው የዓይን ቅባት ሊመስል ይችላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ከዚህ ውጪ እትብት ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይተዋል፤ ቅቤ፣ አመድም ሆነ ሌላ ነገር አይደረግበትም።

«አርባ ቀን ሳይሞላት አትወጣም»

ቀጣዮቹ የክትትል ጊዜያት በ2ኛውና በ3ኛው ቀን መካከል፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን እና በ6ኛው ሳምንት ናቸው። ሆኖም በብዙ ቤት ወላድ አርባ ቀን ሳይሞላት ከደጃፍ አትወጣም፤ ልጁም አብሯት ይቆያል። በዚህ ልማድ ምክንያት ሁለቱ ወሳኝ ቀጠሮዎች ያልፋሉ።

ኒፋስ ሸሪዓዊ ብይን ያለው ጉዳይ ነው፤ ሶላትን፣ ጾምንና የመሳሰሉትን ይመለከታል። ወላድ ወደ ሕክምና እንዳትሄድ የሚከለክል ግን አይደለም። ዕረፍቷንና መታረሷን ጠብቃ፣ በቀጠሮዋ ቀን ከባሏ ወይም ከቤተሰቧ ጋር ደርሳ መመለስ ትችላለች። ሴት ባለሙያ እንድታያት ከፈለገች አስቀድማ መጠየቅ ትችላለች፤ በጤና ጣቢያዎች ብዙዎቹ አዋላጅ ነርሶች ሴቶች ናቸው።

ዓይኑ ቢጫ ሲሆን

በጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ሳምንት ቆዳቸው ይብዛም ይነስም ቢጫ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይጀምርና ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል። ምክንያቱ የቀይ ደም ሕዋሳት ሲፈራርሱ የሚወጣውን ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር የልጁ ጉበት ገና በፍጥነት ማስወገድ አለመቻሉ ነው።

መጠኑ በጣም ከጨመረ ግን ወደ አንጎል ይገባል፤ መስማት አለመቻልንና የማይድን የአካል ጉዳትን ያስከትላል፤ ሊገድልም ይችላል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ለመለየት ስለሚያስቸግር በቀን ብርሃን የዓይኑን ነጭ ክፍልና ድዱን ተመልከቱ፤ የግንባሩን ቆዳ በጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁ የሚታየውን ቀለም እዩ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የታየ፣ መዳፍና የእግር ጫማ የደረሰ፣ ወይም ጡት ከመሰልቸትና ከመፍዘዝ ጋር የመጣ ቢጫነት በዚያው ቀን ሐኪም ይፈልጋል።

ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ለዚህ ሕክምና አይደለም። ሕክምናው በሆስፒታል የሚደረገው ልዩ የሰማያዊ ብርሃን ሕክምና ነው። ፀሐይ እየሞቀ ይለፍለታል እየተባለ የሚጠፋው ቀን ነው ብዙ ልጆችን የሚጎዳው።

ሰባተኛው ቀን፦ ስም፣ ዐቂቃ እና ግርዛት

ሰባተኛው ቀን በእስልምና የደስታ ቀን ነው። ስም ይወጣል፤ ዐቂቃ ይታረዳል፤ ፀጉር ተላጭቶ በክብደቱ ልክ ብር ሰደቃ ይሰጣል። ይህ ቀን ከሁለተኛው የጤና ክትትል ጊዜ ጋር መግጠሙ መልካም አጋጣሚ ነው። ዐቂቃውን ስታቅዱ ጤና ጣቢያ መሄዱንም አብራችሁ አቅዱ።

ለፀጉሩ አዲስ ምላጭ ተጠቀሙ፤ እርግብግቢቱ ላይ አትጫኑ። እትብቱ በዚህ ቀን ላይወድቅ ይችላል፤ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ይወድቃል፤ አይጎተትም።

ወንድ ልጅ በዚህ ቀን የሚገረዝ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። አስቀድሞ ሐኪም ያየው፣ ቫይታሚን ኬ የወሰደ፣ ቢጫነት የሌለው፣ በደንብ የሚጠባና ክብደቱ በቂ መሆን አለበት። በቤተሰብ ውስጥ ደም ያለመርጋት ችግር ካለ ለሐኪሙ መነገር አለበት። የሽንት ቀዳዳው ከብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከሥሩ በኩል የሆነ ልጅ መገረዝ የለበትም፤ ሸለፈቱ በኋላ ለሚደረገው የማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በሰፈራችን «ተገርዞ ተወለደ» የሚባለው ልጅ ከነዚህ አንዱ ሊሆን ስለሚችል በሐኪም ይታይ። በሰባተኛው ቀን ካልተመቸ ማዘግየት ይቻላል። ግርዛቱ የሚፈጸመውም በጤና ተቋም፣ በሠለጠነ ባለሙያና በንጹሕ መሣሪያ ይሁን።

የሴት ልጅ ግርዛት ምንም የጤና ጥቅም የለውም፤ መድማትን፣ ኢንፌክሽንን፣ ኋላም የወሊድ ችግርን ያስከትላል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 መሠረትም ያስቀጣል።

ተሕኒክ፣ ማርና ቅቤ

ተሕኒክ፣ ማለትም በለሰለሰ ተምር የልጁን ላንቃ ማሸት፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተወሰደ ሱና ነው። የሚፈጽመው ሰው እጁን በሳሙና የታጠበ፣ ሳል፣ ጉንፋን ወይም የከንፈርና የአፍ ቁስል የሌለበት መሆን አለበት። የከንፈር ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ ለአዋቂ ቀላል ነው፤ ለጨቅላ ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል። የተምሩ መጠን በጣት ጫፍ የሚነካ፣ ፍጹም የላመና ልጁን የማያንቀው ይሁን። ጠያቂ ሁሉ ልጁን አፉ ላይ መሳሙም በዚሁ ምክንያት መቅረት አለበት።

በተምር ምትክ ማር መስጠት ግን አደገኛ ነው። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በጨቅላ አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። ልጅ አንድ ዓመት ሳይሞላው ማር አይቀምስም።

ቅቤ ማዋጥ፣ የስኳር ውኃ፣ የአብሽ ውኃ፣ ጤና አዳም እና የመሳሰሉትም ይቅሩ። ትን ብለው ሳንባ ሊገቡ፣ ተቅማጥ ሊያመጡ፣ የጡት ፍላጎቱንም ሊቀንሱ ይችላሉ። እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀልና ቅንድብ መብጣት ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። ኩልም አንዳንዱ እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ስለሚይዝ የልጅ ዓይን ውስጥ አይገባም።

በጠባብ የኮንዶሚኒየም ክፍል መስኮት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠልና ዕጣን ማጨስ ሌላው አደጋ ነው። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ እናትንም ልጅንም በእንቅልፋቸው ሊገድል ይችላል። ቡናው በሌላ ክፍል ወይም በረንዳ ላይ ይፈላ።

ጡት እና እንቅልፍ

እስከ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም አያስፈልገውም። ቁርኣን ጡት የማጥባትን ሙሉ ጊዜ ሁለት ዓመት አድርጎ በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ ጠቅሶታል፤ በዚያው አንቀጽ ለእናትየው ምግብና ልብስ ማቅረብን የአባት ኃላፊነት አድርጓል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከስድስት ወር በኋላ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ ይመክራል።

ጨቅላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 10 በመቶ ክብደት ቢቀንስ የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት መመለስ አለበት። ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ መሽናቱና ሰገራው ወደ ቢጫ መለወጡ በቂ ወተት እንደሚያገኝ ያሳያሉ። ሲተኛም በጀርባው፣ ፊቱ ሳይሸፈን ይተኛ።

ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ጡት መጥባት ካቆመ ወይም በጣም ከቀነሰ
• ካንቀጠቀጠው ወይም ከገተረው
• በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ካቃሰተ
• ሙቀቱ 37.5 እና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ
• ከፈዘዘ፣ ሲነካ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ
• ከንፈሩ ወይም ምላሱ ሰማያዊ ከሆነ
• ከእትብቱ ዙሪያ መቅላት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም ደም ከታየ
• አረንጓዴ ነገር ካስመለሰው ወይም ሆዱ ከተነፋ
• ከላይ የተገለጸው ዓይነት ቢጫነት ከታየ

ከነዚህ አንዱ ብቻ ይበቃል። እስኪነጋ፣ አባት ከሥራ እስኪመለስ ወይም እንግዳ እስኪሄድ አይጠበቅም፤ የጨቅላ ሕመም በሰዓታት ውስጥ ይከፋል። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀልን 907 ወይም የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራርን 939 መደወል ይቻላል። በመንገድ ላይ ልጁ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ሆኖ ይሸፈን፤ መጥባት ከቻለም ይጥባ።

በልጅ ላይ ሩቅያ ማድረግና ዱዓ ማድረስ፣ ወደ ሐኪም ከመውሰድ ጋር የሚጋጭ አይደለም። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው። ሕፃኑ ሕመሙን መናገር አይችልም፤ ሰበቡን የሚያደርስለት ወላጁ ብቻ ነው። አላህ ልጆቻችንን ጤነኞችና ሷሊሖች ያድርግልን፤ ወላዶቻችንን በሰላም ያስነሳልን። አሚን።